የመርከብ ቀጠሮ

በዐሥራ ዘጠኝ ቀኔ ጭንብሉን አንስተው፣
"በራስህ ተንፍስ" አሉኝ፣ መስኮቱን ከፍተው።
ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ሂርማታ ነው ሱቄ፤
አየር እንደ ክር ነው ማለት በምን አውቄ!
አንዴ ሲገባልኝ፣ አንዴ ሲያመልጥ ክሬ፣
ሦስት ቀን ፈጀብኝ በር መድረስ በእግሬ።

ከጎኔ የተኛው ጋሽ ኦልጅራ ነበር፣
ምፅዋ ያረጀ፣ የባሕር ወታደር።
ሌሊት፣ ያ መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ሲል ከራስጌ፣
ብርድ ልብሱን ይገፋል፣ ሸራ ነው ሲል፣ እስከ ግርጌ።
"ባለ አምስት ፎቅ መርከብ፣ መዋኛ ያለበት፣
እራት በሙዚቃ የሚበላበት፣
ከዳንን" ይለኛል፣ ሳሉን አስቀድሞ፣
"አሳፍርሃለሁ፣ በእኔ ሒሳብ ደግሞ።"
"የት ነው ባሕሩ?" አልኩት። "ጅማ ላይ? ቦዬ ነው?"
ሳቀ። የሳቀው ሳቅ አንድ ሰዓት አሳለው።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ አልጋው ተነጠፈ፤
አንሶላው ነጭ ነበር፣ ጥጉ የታጠፈ።
ለካ ልብስ ሰፊ ሰው እጥፋት ያነባል፤
ቃል ከአፍ ሳይወጣ ነገሩ ይገባል።

"ከኮሮና ድኗል" የሚል ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጉልበቴ ግን ገና አልደረሰው መልእክት።
ቤት ገባሁ። ሸሪፋ ሽንኩርቱን ስታቁላላ፣
እኔ ዝም ብዬ ቆሜ፣ እንደ ግድግዳ፣ ከኋላ።
ጎረቤት ሲጠይቅ፣ "ቡና እንኳ አይሸትህም?
ጅማ ተቀምጠህ!" ይላል፤ መልስ የለኝም።
ጭንብሉን ከአፍንጫው አገጩ ላይ ጥሎ፣
ያዝንልኛል ቆሞ፣ "ይሄስ ከበሽታው ይብሳል" ብሎ።

በሁለተኛው ሳምንት "መርከብ ልሳፈር ነው" አልኳት።
ሙቀት መለኪያውን ፍለጋ ስትነሳ እጇን ያዝኳት።
"ሙቀት የለኝም" አልኩ፤ "ቀጠሮ ነው ያለኝ።"
አየችኝ፣ ረጅም። "ሹራብ ልበስ" አለችኝ።

ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ከሰርቦ አልፈን ወርደን፣
በእኔ ምክንያት አምስቴ ጉቶ ላይ አርፈን፣
ግልገል ጊቤ ዳር ደረስን። መርከቤ ያ ነበር፦
ባለ አምስት ፎቅ ቀርቶ፣ አምስት ሰው የማይደፍር፣
ሁለት ቦታ የጣፉት፣ በእኔ ዓይን ክፉ ስፌት፤
የሚያፈሰው ውኃ መቅጃ፣ አንድ ጣሳ ተሰቅሎበት።
ኸይሩ የሚባል ልጅ፣ መቅዘፊያውን ይዞ፣
"መቶ ብር ነው" አለ። በሸሪፋ ምላስ ሰማንያ ሆነ፣ ፈዞ።

ውኃው እንደ ካኪ ጨርቅ፣ ኸይሩ በመቅዘፊያ ሲቀድደው፣
ከኋላችን ራሱን ይሰፋል፤ ቋጠሮም የለው።
መሃል ላይ ስንደርስ ቀዘፋውን ትቶ፣
"እዚህ ነው ቤታችን" አለ፣ ጣቱን ወደ ታች ዘርግቶ።
"የአባቴ በቆሎ፣ የሴት አያቴ በር፣
ዋርካው… ግድቡ ሲሞላ እኔ አልተወለድኩም ነበር።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቡናማ ነው። ምንም የለም።
ምንም የለም ማለት ግን፣ አልነበረም ማለት አይደለም።
ሐኪሙ ያሳየኝ ያ የሳንባዬ ፎቶ
ይሄንን ይመስል ነበር፤ ሰፈር ነው፣ ውኃ ገብቶ።
ብቻ የእኔው ጎደለ። የእነሱ ሞልቶ ቀረ።
"የጋሽ ኦልጅራም…" ብዬ ነበር፤ ትንፋሽ አጠረ።

ያኔ ነው የሸተተኝ። መጀመሪያ እንደ ሐሜት፣ ከሩቅ፤
ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ እንደ ረጠበ ገመድ፣ እንደ ሻገተ ጨርቅ።
የከረመ ዓሣ! የትናንት አንጀት፣ ከጀልባው ወለል!
ሸሪፋ አፍንጫዋን በሻርፕ ይዛ "ያ ረቢ!" ስትል፣
እኔ በሁለት እጄ ጣውላውን ተደግፌ፣
"ይገማል! እሰይ! ይገማል!" አልኩ፣ ዕንባዬ እየገባ ባፌ።

ስንወርድ ለኸይሩ መቶውን ሰጠሁት።
"ሃያው?" አለ። "የሌላ ተሳፋሪ ነው" አልኩት።
ዞሮ ጀልባውን አየ፤
ጣሳው ብቻ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ሸሪፋ እስከ ጅማ መስኮቱን ከፍታ፣
"ያን ሹራብ ደጅ አውልቀህ ነው የምትገባው" አለች።
እሺ አልኩ።
ለብሼው ተኛሁ፣ ማታ።